ጨለለቅቱ ላይ ያለቁ ፎቶዎች

ይህን የጻፍኩት ደብረ ብርሃን ላይ ካፖርት ደርባችሁ ለምታነቡኝ፣ ጌዴኦን የማየት ዕድል ላላገኛችሁ ጎረቤቶቼና ደንበኞቼ ነው። ከተመለስኩ ወዲህ ስቱዲዮ የሚመጣው ሁሉ "እውነት ሥራውን ጥለሽው መጣሽ?" ይለኛል። አልጣልኩትም። ጨርሼው ነው የመጣሁት። ከአሠሪዎቼ ጋር የተጣላነውም በዚህችው "ጨርሼ" በምትል ቃል ነው።

ለማያውቀኝ ሰው፣ ስቱዲዮውን የምሠራው ከእህቴ ልጅ ከናሆም ጋር ነው። እኔ አነሳለሁ፣ እሱ ኮምፒውተር ላይ ያስተካክላል። በዚህ ስንጨቃጨቅ ዓመታት አልፈዋል። እሱ "ካሜራ ጥሬ ዕቃ ማምጫ ነው፣ ፎቶ የሚሠራው ኮምፒውተር ላይ ነው" ይላል። እኔ ደግሞ ካሜራው ራሱ ማስተካከያ አለው ባይ ነኝ። ያበራል፣ ያጨልማል፣ ቀለም ያሞቃል፣ ያቀዘቅዛል፣ ጠርዝ ይቆርጣል። ሰውየው ፊቴ ቆሞ እያለ፣ እሱን እያየሁ እጨርሰዋለሁ። ቀናት ቆይቼ ኮምፒውተር ፊት ስቀመጥ ግን ሰውየውን ረስቼዋለሁ፤ እጄ የሚሄደው ወደ ምኞቴ ነው። ይህን ስናገር ናሆም ይስቃል። ይሳቅ።

ሰኞ፣ አዲስ አበባ

ከቤት ስወጣ ናሆም ላፕቶፑን ጠቅልሎ ሰጠኝ። ጠረጴዛው ላይ ትቼው ወጣሁ። ማለዳው የምታውቁት የኅዳር ውርጭ ነበር፤ ሁለት ሹራብ፣ ካፖርትና ጓንት አድርጌያለሁ።

አዲስ አበባ የገባሁት ሥራውን የሰጠኝን ቡና ላኪ ድርጅት ለማነጋገር ነው። ሚካኤል የሚባል የገበያ ኃላፊ ሻይ አዝዞ አክብሮ ተቀበለኝ። ለውጭ ገዢዎች በሚያሳትሙት መጽሔት ውስጥ ጌዴኦ፣ ጨለለቅቱ ከተማ ላይ ቡና የሚያጥቡና የሚለቅሙ ሴቶች እንዲገቡ ይፈልጋሉ።

"ዋናው ሳቅና ቀለም ነው፣ እትዬ ወርቅነሽ" አለኝ። "እርስዎ ጥሬውን፣ ምንም ያልተነካውን ፋይል ብቻ ያምጡልን። ቀለሙን እኛ እዚህ እንሰጠዋለን።"

"አሁን ቀለም የላቸውም እንዴ?"

ሳቀ፤ ቀልድ መስሎታል።

"እኔ ጨርሼ ነው የማስረክበው" አልኩት። "እዚያው፣ ካሜራው ላይ።"

"እንደሚመችዎ" አለና ስልኩን አነሳ። አልሰማኝም ወይም ሊሰማኝ አልፈለገም። እኔ ግን ተናግሬያለሁ። ያን ሌሊት አዲስ አበባ ዘመድ ቤት አደርኩ።

ማክሰኞ፣ እስከ ዲላ

አውቶቡሱ ዝዋይ ሳይደርስ ካፖርቱን አወለቅኩ። ሻሸመኔ ላይ አንዱን ሹራብ፣ ሐዋሳ ላይ ሁለተኛውን። አጠገቤ የተቀመጠች የዲላ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ልብሴ ጭኔ ላይ ሲቆለል አይታ "እማማ፣ ከየት ነው የመጡት?" አለችኝ። "ከደብረ ብርሃን" ስላት "ኦው፣ ፍሪጅ ነዋ!" ብላ ሳቀች። ገና እማማ የምባልበት ዕድሜ ላይ አልደረስኩም። በኋላ አናናስ ገዝታ ግማሹን ስትሰጠኝ ይቅር አልኳት።

ከሐዋሳ ወዲያ አገሩ ይለወጣል። እኛ ጋ ቆማችሁ ብታዩ የገብሱ ማሳ ሰማይ እስኪነካ ድረስ ይዘረጋል፤ ጎረቤት በሬውን ሲፈታ ከደጃችሁ ታዩታላችሁ። እዚያ ግን ሰማዩ የሚታየው በቅጠል መሀል በቁራጭ ነው። ትልልቅ ዛፎች ከላይ፣ ቡናው ከሥራቸው፣ እንሰቱ ከጎን፣ ቤቱ ደግሞ ከእንሰቱ ጀርባ። የሰው ድምፅ ይሰማል፣ ሰውየው አይታይም። ሜዳ ለለመደ ዓይን መጀመሪያ ያስፈራል።

ዲላ ስገባ ባጃጁ፣ ሙዚቃው፣ ሙቀቱ። ማደሪያ ይዤ እራት ስጠይቅ አስተናጋጁ ሥጋውን ሁሉ ዘረዘረልኝ። የነቢያት ጾም እንደያዝኩ ስነግረው አዘነልኝና የአቮካዶ ጭማቂ በትልቅ ብርጭቆ አመጣ። ማንኪያው ቀጥ ብሎ ቆሞበታል። ይህን ጾም ማለት እንዴት ይቻላል አላውቅም፤ ጠጣሁት።

ረቡዕ፣ ጨለለቅቱ

ከዲላ ወደ ደቡብ የወሰደኝ ከድር ነው። አባቱ ከስልጤ መጥተው ዲላ ሱቅ ከፈቱ፣ እሱ ደግሞ ፒክአፕ ገዝቶ በይርጋጨፌ፣ በጨለለቅቱና በፍስሐ ገነት ዕቃ ያመላልሳል። የማያውቀው ሰው የለም። በየመንገዱ እየቆመ ለአንዱ ሳሙና፣ ለአንዱ ቆርቆሮ ያራግፋል፤ መንገዱ ረዘመ ብዬ ስነጫነጭ "እህቴ፣ ቡናው ቀይ እስኪሆን ወራት ጠብቀናል፣ አንቺ ለግማሽ ቀን ትቸኩያለሽ?" አለኝ።

ጨለለቅቱ ስንደርስ ዝናብ ጀመረ፤ ማደሪያዎቹም በቡና ነጋዴ ሞልተዋል። ከድር ወደ ወይዘሮ አስቴር ቤት ወሰደኝ። አስቴር መምህር ናት፣ ባሏ ዲላ ቢሮ ይሠራል። ጭቃ የጠጣ ጫማዬን በር ላይ ተቀብላኝ ስታበቃ "እህት ወርቅነሽ፣ አልጋሽ ይኸው" አለችኝ፤ ማን ነሽ፣ ምን ትሠሪያለሽ የለም። እነሱ ፕሮቴስታንት ናቸው፣ በእኛ ጾም አይጾሙም። ምሳው በቅቤ የታሸ ጎመን በቆጮ ነበር። ጾመኛ መሆኔን ስትሰማ ወደ ጓዳ ተመለሰች፤ ሌላ ጎመን በዘይት ሠርታ አመጣችልኝ። እስክመለስ ድረስ ለእኔ የተለየ ድስት ነበረኝ።

ዝናቡ ሲያባራ ወደ ቡና ማጠቢያው ጣቢያ አብረን ወረድን። የታጠበው ቡና በረጃጅም የሽቦ አልጋዎች ላይ ተሰጥቶ ሴቶች በሁለቱም ወገን ቆመው ይለቅማሉ፣ የተሰበረውን ያወጣሉ። ካሜራዬን ገና ሳወጣ ጥቁር ሻሽ ያሰረች ሴት እጇን ከቡናው ላይ አንስታ በጌዴኦኛ ጮክ ብላ ተናገረች። ሁሉም ፊታቸውን አዞሩ። በአንድ ጊዜ ጀርባ ብቻ ቀረልኝ።

"ምን አለች?" አልኳት አስቴርን።

"ፎቶ የለም ነው ያለችው።"

ሴትየዋ ታደለች ትባላለች። መጥታ ፊቴ ቆመች። "አማርኛ እችላለሁ" አለችኝ። "አንቺም ልትወስጂ ነው። ወስደሽ እዚያ ኮምፒውተር ላይ ልታበላሺ።"

ከሁለት ዓመት በፊት፣ ለሌላ ድርጅት የሚሠራ አንድ ፎቶ አንሺ እዚያው አልጋ ዳር አንስቷታል። ባሏ ከሞተ ገና ወራት ነበር፤ ሻሿ ጥቁር ነበር። አንሺው ያላትን አታስታውስም፣ ግን ለቅጽበት ፈገግ ብላለች። በዓመቱ የግድግዳ ካላንደር መጣ፤ ታደለች ቢጫ ሻሽ አስራ ትስቃለች። የወለቀው የፊት ጥርሷም ተተክሎላታል። ካላንደሩ በየሱቁ ተሰቀለ። የባሏ ታላቅ ወንድም ይርጋጨፌ ሱቅ ውስጥ አየው።

"ወንድሜን ቀብረሽ በሳምንቱ ቢጫ አስረሽ ጥርስሽን አሳየሽ አለኝ" አለች። "የእኔ ጥቁር ነው፣ ኮምፒውተር ነው ቢጫ ያደረገው አልኩ። ሻሽ በኮምፒውተር ይቀየራል እንዴ አለኝ። የባሌ ቤተሰብ ቤቴ አይመጡም። ልጆቼን ሰላም አይሉም።" ሻሿን በጣቷ ነካች። "ሌላው ሰው በዓመቱ ያወልቃል። እኔ እስኪያምኑኝ አላወልቅም አልኩ። ይኸው።"

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። በሐዘኗ አይደለም፤ ለዓመታት ከናሆም ጋር የተከራከርኩበት ነገር በእግሩ ቆሞ ሲናገር ስለሰማሁ ነው። ወዲያው ደግሞ በደስታዬ አፈርኩ።

"እኔ እዚሁ ነው የምጨርሰው" አልኳት። "አንቺ እያየሽ። ያላየሽው አይወጣም።"

"እዚሁ?"

"እዚሁ።"

"ነገ ነይ" ብላ ወደ ቡናዋ ተመለሰች።

ሐሙስ

የመጀመሪያው ፎቶ አስቂኝ ሆነ። ከአልጋዎቹ በላይ ያለው ዛፍ ፀሐዩን በቅጠሉ አጣርቶ ነው የሚያወርደው፤ ታደለች በስክሪኑ ላይ እንደ ጎመን አረንጓዴ ሆና ወጣች። ደብረ ብርሃን እንዲህ ያለ ችግር የለብንም፤ እኛ ጋ ብርሃኑ በቀጥታ ከሰማይ ነው የሚወርደው። ሴቶቹ ካሜራውን ከበው ሲያዩ በሳቅ ወደቁ። ታደለች ግን አልሳቀችም። "ይኸው" አለች፤ "ጀመረሽ።"

ካሜራው ነጩን ነጭ ብሎ እንዲያውቅ ነጭ ነገር ያስፈልገኛል። አስቴር ሮጣ ነጭ የሸክላ ሳህን አመጣች። ታደለች ሳህኑን ደረቷ ላይ ያዘች፣ እኔም ፎቶ አነሳሁት፤ ካሜራውም በሱ ልክ ቀለሙን አረመ። ከዚያ እንደገና አነሳኋት። አሁን ፊቷ የራሷ ፊት ሆነ፣ ሻሿም ጥቁር።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀኑን ሙሉ ፈጀ። ሴቶቹ አንድ በአንድ ይመጣሉ፣ አነሳለሁ፣ ጆንያ ላይ እንቀመጣለን፣ ስክሪኑን በሻሻቸው ከልለን እናያለን። "ትንሽ ይብራ?" "ይብራ።" "ይህ ከዳር ያለው ባልዲ ይውጣ?" "የለም፣ ባልዲው የእኔ ነው፣ ይቆይ።" አንዷ ሽበቷ እንዲታይ ፈለገች፣ አንዷ እጇ ብቻ እንዲነሳ። ታደለች አፏን ገጥማ ተነሳች፤ ካሜራውን ቀጥ ብላ ነው የምታየው። ፎቶዋን ጨለም አድርጌ፣ ጠርዙን ጠበብ አድርጌ አሳየኋት።

"እኔ ነኝ" አለች።

ዓርብ፣ ዲላ

ከድር ወደ ዲላ ሲመለስ አብሬው ሄድኩ፤ ጨለለቅቱ ኔትወርኩ ምስል አይልክም። ካፌ ተቀምጬ ያለቁትን ፎቶዎች ለሚካኤል ላክሁ። ብዙም ሳይቆይ ደወለ።

"እትዬ ወርቅነሽ፣ ሥራው ቆንጆ ነው። ግን ጥቁር ሻሽ መጽሔት ላይ አይሆንም። ሐዘን ነው የሚመስለው።"

"ሐዘን ስለሆነ ነዋ።"

"ገዢው ደስታ ማየት ነው የሚፈልገው። ጥሬውን ይላኩልን፣ በአምስት ደቂቃ እናስተካክለዋለን።"

"ደስታ ከፈለገ የተደሰቱም አሉ፣ ልኬልሃለሁ። ያዘነችውን ግን አልቀባም። ጥሬውንም አልሰጥም።"

"ተዋውለናል እኮ!"

"ፎቶ ላነሳ ተዋውያለሁ። ይኸው አነሳሁ። ሴትየዋ ያላየችውን ፎቶ እኔም አላውቀውም።"

እንዲህ ከሆነ ሥራውን ለሌላ ሰው እንሰጣለን አለ። ስጡ አልኩትና ዘጋሁት። ሻዬ ቀዝቅዟል። ሚካኤል ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ እምቢ ማለቱ በቀለለኝ።

ለናሆም ደወልኩ። "ጎሽ" ይለኛል ብዬ ነበር። "አክስቴ" አለኝ፣ "ያለቀውንም እኮ መቀየር ይቻላል። ጥሬ ፋይል ከለከልሽ ማለት እጃቸውን አሰርሽ ማለት አይደለም። ከፈለጉ ያንኑ ወስደው ቢጫ ያደርጉታል።"

ልክ ነበር።

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"ወረቀት ላይ አትመሽ ለእያንዳንዳቸው ስጪ። በየቤታቸው የተቀመጠ ወረቀት ማንም ገብቶ አይቀይረውም። ሌላው ቢዋሽ የሚያሳዩት ይኖራቸዋል።"

ኮምፒውተር ወዳዱ ልጅ ነው ይህን ያለኝ። ስሙን ሳልጠራ ባልፍ ግፍ ነው።

ዲላ ስቱዲዮ ፈልጌ ገባሁ። ባለቤቱ ፎቶዎቹን ኮምፒውተሩ ላይ እንደከፈተ እጁ በልምድ ሄደና ሁሉንም ነጣ አደረጋቸው። "ተው!" ብዬ ጮህኩ፤ ከውጭ ሰው ገብቶ አየን። "ደንበኛ ሁሉ ነጣ አድርገኝ ነው የሚለኝ" አለ፣ ደንግጦ። ይቅርታ ጠየቅኩት፤ እሱም እንደነበሩ መለሳቸው። በትልቁ ስክሪን ላይ ሳያቸው ግን ሌላ ነገር ወጣ፤ የታደለች ፎቶ ደብዝዟል። በካሜራዬ ትንሽ ስክሪን ላይ ጥርት ያለ የመሰለኝ ዓይኗ ጭጋግ ነው። የሌሎቹ ደህና ነበሩና አተመልኝ፣ የሷን ብቻ ተውነው። ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ ትቼ የወጣሁበትን ማለዳ ረገምኩት። የስቱዲዮው ባለቤት ሳይስቅብኝ ትንሽ ማተሚያውን አውጥቶ "በይ ይህን ይዘሽ ሂጂ፣ ከካሜራ በቀጥታ ያትማል፣ ስትመለሺ ታስረክቢኛለሽ" አለኝ። ስሜን እንኳ አልጠየቀም።

ቅዳሜ፣ እንደገና ጨለለቅቱ

ሴቶቹ ፎቷቸውን ሲቀበሉ የነበረውን አልዘረዝርም። አንዷ ጉያዋ ውስጥ ከትታ ሥራዋን ቀጠለች፣ አንዷ አልቅሳለች። ታደለችን ደብዝዘሻል ማለት ከበደኝ፤ ግን ነገርኳት። "እንደገና አንሺኛ" አለች፣ እንደ ቀላል ነገር። አሁን ስክሪኑን አጉልቼ ዓይኗን አይቼ፣ ጨርሼ፣ አሳይቼ፣ አተምኩ። ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛ "ነይ" አለችኝ።

የወሰደችን ወደ ባሏ ታላቅ ወንድም፣ ወደ አቶ ሮባ ቤት ነው። እኔና አስቴር ከኋላ፣ እሷ ከፊት፣ በእንሰቱ መሀል። አቶ ሮባ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። እሷን ሲያዩ ለመነሳት ዳዳቸው። ፎቶውን ዘረጋችላቸው። አዩትና መለሱላት፤ በጌዴኦኛ የተናገሩትን አስቴር ተረጎመችልኝ፦ "ዛሬ ጥቁር ብታስሪ ያኔ ጥቁር እንደነበር በምን አውቃለሁ?"

ታደለች ፎቶውን ይዛ ወደ እኔ ዞረች።

እኔ ግን ንዴቴ መጣ። "አባቴ፣ ላንሳዎት" አልኳቸው። አስቴር ተረጎመች። ግራ ተጋብተው እሺ አሉ። አነሳኋቸው፤ ፊታቸው ቆሜ የካሜራዬን ማስተካከያ ከፈትኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ለማረም የተጠቀምኩበትን ቁልፍ እስከ መጨረሻው ገፋሁት። ቀለሙ ሞቀ፣ ሞቀ፣ ነጩ ሸሚዛቸው እንደ እንቁላል አስኳል ሆነ። ስክሪኑን ሰጠኋቸው።

ሸሚዛቸውን ጎንበስ ብለው አዩ። ስክሪኑን አዩ። ሸሚዛቸውን እንደገና።

"ፊቴንም ቢጫ አደረግሽው!" አሉ በአማርኛ።

"የእኔ ካሜራ ሞኝ ስለሆነ ነው። ኮምፒውተር ቢሆን ፊትዎን ትቶ ሸሚዙን ብቻ ነበር የሚቀይረው።"

ካሜራ አይዋሽም እያልኩ ስከራከር የኖርኩት እኔ፣ እውነት ለማውጣት ካሜራዬን አስዋሸሁት። አልጸጸትም። ዛሬም ቢሆን አደርገዋለሁ።

አቶ ሮባ ካሜራውን መለሱልኝ። ከዚያ ፎቶውን ከታደለች እጅ እንደገና ወሰዱ። ለረጅም ጊዜ ካዩት በኋላ ተነስተው ወደ ቤት ገቡ፤ የተቆጡ መስሎኝ ነበር። ከውስጥ ሚስታቸውን ሲጠሩ ሰማሁ፤ ቆጮ ቀረበ፣ ልጆች ተጠሩ። ታደለች ደፍ ላይ ቆማ ቀረች፤ "ግቢ" አሏት። እሱን አስቴር ሳትተረጉም ገባኝ። ለእኔ ደግሞ አስቴር በሚስታቸው ጆሮ አንሾካሾከች መሰለኝ፣ ጎመኑ በዘይት ሆኖ መጣ።

ወጥተን ስንሄድ ታደለች "ለገና አወልቃለሁ" አለችኝ፣ ሻሿን እያሳየችኝ። "በራሴ ቀን። በማንም ኮምፒውተር አይደለም።"

እሑድና ከዚያ ወዲህ

ማተሚያውን ዲላ አስረከብኩ፤ ሐዋሳ ላይ አንዱን ሹራብ፣ ሻሸመኔ ላይ ሁለተኛውን፣ ዝዋይ ላይ ካፖርቱን እየለበስኩ ወደ ላይ ወጣሁ። ድርጅቱ የእኔን ፎቶዎች አልተጠቀመባቸውም። ናሆም ግን ፎቶዎቹን አንድ በአንድ በትልቁ ስክሪን ካየ በኋላ ምንም ሳይነካቸው ዘጋቸው።

ባለፈው ሰሞን ከድር ደወለ። ድርጅቱ ሌላ ፎቶ አንሺ ልኳል። ሴቶቹ ከአልጋው ዳር ቆመው፣ እጃቸውን አጣጥፈው፣ መጀመሪያ እዚህ አሳየን ብለውታል። ልጁ "የእኔ ካሜራ እንደዚያ አያስተካክልም፣ የምሠራው ኮምፒውተር ላይ ነው" ብሏቸዋል። ሄደ ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ። ከድር ስልኩን ለታደለች ሰጣት።

"እህቴ ወርቅነሽ፣ ኮምፒውተሩን ይዞ ይምጣ አልነው።"

"ኮምፒውተሩን?" አልኩ፤ ትንሽ ቅር ብሎኛል፣ አልደብቅም።

"ምን ችግር አለው? እዚሁ ፊታችን ይክፈተው። አሁን ጆንያ ላይ ቁጭ ብሏል፣ እኛ ከኋላው ቆመናል። የወይዘሮ ዘነበችን ጥርስ ሊተክል ሲል መለስነው።"

ከኋላዋ የሴቶች ሳቅ ተሰማኝ። "ቆይ፣ የእኔ ተራ ደርሷል" ብላ ስልኩን ዘጋችው።